ፋይናይት ኤለመንት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ባለፈው ሳምንት ከቡሬ አንድ ልጅ ደወለልኝ። መካኒካል ምሕንድስና ከጨረሰ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሥራ የለም። "ጋሼ፣ ፋይናይት ኤለመንት ልማር ብዬ ነበር። ግን እዚህ ጎጃም ቁጭ ብዬ እንጀራ ይሆነኛል ወይ? እውነቱን ንገረኝ" አለኝ። ይሆናል አልኩት። ትንሽ እንዳወራን ካርዱ አለቀበት፤ መልሼ ብደውልለትም ኔትወርኩ እምቢ አለ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለምና።

ስሙን ሰምቶ ለሚደነግጥ ሰው ከማሳ ልጀምር። የአባቴ ማሳ ደጀን አካባቢ ነው፤ ቅርጹ ጠማማ ነው። በአንድ በኩል ጅረት እየበላው ነው፣ በሌላ በኩል የጎረቤት ድንበር እንደ ክርን ታጥፎ ይገባበታል። እንዲህ ያለ መሬት ርዝመት በወርድ ተባዝቶ አይለካም። ልጅ ሆኜ ለኪዎቹ ከጥግ ጥግ ገመድ ወጥረው በሦስት ማዕዘን ሲቆራርጡት አይቻለሁ። የእያንዳንዱን ስፋት ያወጡና ይደምሩታል። ጅረቱ የሚጠማዘዝበት ጋ ሦስት ማዕዘኖቹ ያንሳሉ፤ ሜዳው ላይ ይሰፋሉ። ፋይናይት ኤለመንትም በመሠረቱ ይኸው ነው። ቅርጹ የተወሳሰበ ብረት፣ ድልድይ ወይም ግድብ በአንድ ቀመር አይፈታም። ስለዚህ ወደ ትንንሽ ቁራጮች ይከፈላል። ቁራጮቹ ኤለመንት ይባላሉ፣ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ኖድ፣ መረቡ በሙሉ ሜሽ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲገፉት ምን ያህል እንደሚለጠጥ የራሱ ቀላል ቀመር አለው፤ ቀመሮቹ ኖዶቹ ላይ ይጋጠሙና ትልቅ የእኩልታ ክምር ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ሚሊዮን እኩልታ። ኮምፒውተሩ ይፈታውና እያንዳንዱ ኖድ ስንት እንደተንቀሳቀሰ ይነግርሃል። ከዚያ ስትረሱ፣ ማለትም ብረቱ ውስጥ በስፋቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል፣ ይወጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ኩራንት የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1943 በሦስት ማዕዘን እየከፋፈለ ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር፤ ያኔ የሚያሰላለት ኮምፒውተር አልነበረም። በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ክንፍ ስሌት ያስቸገራቸው የቦይንግ መሐንዲሶች ለሥራ አበቁት። ከእነሱ ጋር የሠራው ሬይ ክላፍ በ1960 ስሙን አወጣለት።

አሁን ወደ ደንበጫ ልውሰዳችሁ።

እዚያ ወፍጮ ያላቸው የአባቴ ወዳጅ አሉ። የወፍጮው ሻፍት፣ የሚሽከረከረው ዘንግ፣ ይሰበራል። ቶርኖ ቤት ወስደው አዲስ ያስቀርጻሉ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ጧ! ይላል። አንዴ ሞተሩ ነው ተባለ፣ አንዴ ብረቱ ነው ተባለ፣ አንዴ ደግሞ ኩሽኔታው ተቀየረ። በተሰበረ ቁጥር እህል በአህያ ጭነው ከገጠር የመጡ እናቶች ደጅ ላይ ውለው ይመለሳሉ። "ልጄ፣ አንተ ተምረሃል አይደል፣ እስቲ እየው" አሉኝ።

የተሰበረውን በእጄ ያዝኩት። ስብራቱ ላይ ከጠርዙ የሚነሡ ለስላሳ ቅስት መስመሮች ነበሩበት፤ ጣና ዳር ውኃው እየሸሸ ሲሄድ አሸዋው ላይ የሚተወውን መስመር ይመስላሉ። የቀረው ክፍል ሻካራና የሚያብለጨልጭ ነው። ይህ ብረት በአንድ ቀን አልተሰበረም። ስንጥቁ ከጠርዝ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የተረፈው አካል አልችል ሲል ነው የተገነጠለው። ፋቲግ እንለዋለን፣ የብረት ድካም።

ሻፍቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ጋ ወደ 30 ይወርዳል። የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚያች ደረጃ ላይ ነው። ቶርነኛው ጥጓን ሹል አድርጎ ነበር የሚቆርጣት፤ እንዲያ ሲሆን ኩሽኔታው ልክክ ብሎ ይቀመጥለታል።

ላፕቶፕ ከመክፈቴ በፊት በወረቀት ሠራሁት። ቺንጋው ፑሌጃውን በ1500 ኒውተን ገደማ ይስበዋል፣ ክንዱ፣ ከፑሌጃው እስከ ደረጃዋ ያለው ርቀት፣ 12 ሳንቲ ሜትር፤ 180 ኒውተን ሜትር ሆነ። በ30 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ሲካፈል ስትረሱ 68 ሜጋፓስካል (የስትረስ መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ተራ ብረት ታጥፎ ለመቅረት ወደ 250 ይፈልጋል። በዚህ ስሌት ከሆነ ሻፍቱ የልጅ ልጅ የሚያይ ነው። ታዲያ ለምን ይሰበራል?

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሞዴሉን ሠራሁ። የመጀመሪያው ሜሽ ሰፋ ያለ ነበር፤ ጥጉ ላይ 95 አለኝ። አደቀቅኩት፣ 130 አለኝ። እንደገና አደቀቅኩት፣ 190። እንደገና፣ 250። ቁጥሩ አልቆም አለ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ፍጹም ሹል የሆነ የውስጥ ጥግ በሒሳቡ ዓለም ስትረሱ ማለቂያ የለውም፤ ሜሹን ባደቀቅከው ቁጥር ይወጣል፣ ዘላለም ይወጣል። የመጀመሪያውን ቁጥር የወሰደ ሰው "ምንም ችግር የለም" ብሎ ይፈርማል፤ የመጨረሻውን የወሰደ ደግሞ ደንግጦ ሻፍቱን በእጥፍ ያወፍረዋል። ሁለቱም ሥዕሉን አምነው ነው እንጂ ብረቱን አይተው አይደለም። እውነተኛ ብረት ላይ ፍጹም ሹል ጥግ የለም፤ የቶርኖው ቢላ ጫፍ ራሱ ትንሽ ክብነት ይተዋል። ሄጄ አየሁት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ። ያንን ሞዴሉ ውስጥ አስገባሁና ሜሹን ሦስት ጊዜ አከታትዬ አደቀቅኩት። ቁጥሩ 170 አካባቢ ላይ ቆመ። 68ን በ2.5 ማባዛት ማለት ነው። ደረጃ ስላላቸው ሻፍቶች የተዘጋጁት የቆዩ ሰንጠረዦችም ለዚህ ልክ 2.5 ገደማ ነው የሚሉት። ወረቀቱ፣ ሰንጠረዡና ኮምፒውተሩ ሲስማሙ ያን ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል።

170 ከ250 ያንሳል፣ አውቃለሁ። ግን ሻፍት ይሽከረከራል። ያቺ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ በአንድ ዙር አንዴ ትሳባለች፣ አንዴ ትጨመቃለች። በደቂቃ 800 ዙር፣ በቀን 8 ሰዓት ብትሉ 384 ሺህ ጊዜ ነው፣ በአንድ ቀን። እንዲህ ተመላልሶ ሲታጠፍ ያ ብረት ሳይሰነጠቅ የሚችለው በእኔ ግምት ከ130 ብዙም አይርቅም።

መፍትሔው የጥጉን ክብነት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ነበር፤ ስትረሱ ወደ 112 ይወርዳል። ሥዕሉን ይዤ ቶርነኛው ዘንድ ሄድኩ። አየት አደረገና "ይህን ያህል ካጎበጥከው ኩሽኔታው መቼ ደረጃው ላይ ይቀመጣል?" አለኝ። ልክ ነበር። የኩሽኔታው ጠርዝ ክብነት አንድ ሚሊ ሜትር ናት፤ 3 ሚሊ ሜትሩ ላይ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ኮምፒውተሩ ይህን አልነገረኝም፤ እኔ ኩሽኔታውን ሞዴል አላደረግኩትማ። እሱው ራሱ ዘዴውን አመጣ፦ በደረጃውና በኩሽኔታው መካከል የውስጥ ጠርዟ ተሞርዶ የተነሣ ቀለበት ማስገባት። ቀለበቷን ቀረጻት። ቺንጋውንም ከልክ በላይ እንዳይወጥሩት ለባለወፍጮው ነገርኳቸው። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ያው ሻፍት ነው እስካሁን የሚሽከረከረው።

እሳቸው የከፈሉኝ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ነው። ቶርነኛው ግን ስልኬን ለአንድ የበቆሎ መፈልፈያ ለሚሠራ ሰው ሰጠ፤ ፍሬሙ ብየዳው ላይ እየተሰነጠቀ አስቸግሮት ነበር። እሱ ደግሞ ለሌላ ሰጠ። የመጀመሪያው የገንዘብ ሥራዬ እንዲህ ነው የመጣው።

የሜሹ ነገር የሻፍት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 ኖርዌይ ውስጥ ስሌይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ የኮንክሪት መሠረቱ ለፍተሻ ውኃ ውስጥ ዝቅ ሲደረግ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። መሬት ላይ ሲያርፍ በሬክተር ስኬል 3 የሚለካ ንቅናቄ ፈጠረ። ኪሳራው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ምክንያቱ ሲመረመር ዋናው ነገር የተገኘው ፋይናይት ኤለመንቱ ላይ ነው። ሦስት ግድግዳዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ሜሹ ሰፊ ነበር፤ ኤለመንቶቹም ቅርጻቸው የተዛባ። በዚህ የተነሣ የሸር (የመሸራተት) ስትረሱ በ47 በመቶ አንሶ ተሰላ፤ ብረቱም በዚያ ልክ አንሶ ገባ። በኋላ በተስተካከለ ሜሽ ሲሰላ በ62 ሜትር ጥልቀት ይሰበራል አለ፤ በእውነት የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነው። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም ነበር፣ ትክክለኛውን መልስ የመስጠት አቅም ነበረው። የጎደለው ሜሹን ተጠራጥሮ እንደገና የሚሠራና በእጅ የሚያመሳክር ሰው ነው። ስለዚህ ሥራ አለ ወይ ሲሉኝ፣ ለዚያ ሰው አለ እላለሁ። ቁልፍ ለሚጫን ብቻ ግን እያነሰ ነው የሚሄደው፤ ቁልፉን መጫን በየዓመቱ እየቀለለ ነውና።

የት ነው ሥራው? ከሁሉ የሚቀርበው ሕንፃ ነው። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ያሉ የስትራክቸር መሐንዲሶች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ኢታብስ፣ ሳፕ 2000 እና ሴፍ የተባሉት ሶፍትዌሮች ከውስጣቸው ፋይናይት ኤለመንት ናቸው። ብዙዎቹ እንደዚያ አድርገው አያዩትም እንጂ ሥራቸው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የአገራችን የሕንፃ ደንብ የአውሮፓውን መሠረት ያደረገ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት ይጠይቃል። ፎቁ ሲረዝም ያንን በእጅ መጨረስ አይሞከርም። ሲቪል የተማረ ሰው እዚህ ጋ ቢጀምር መንገዱ አጭር ነው።

ከዚያ ውኃና ድልድይ። የጎጃም ሰው ስለ ድልድይ አይነገረውም፤ ሦስት አቅጣጫው ዓባይ ነው። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር፣ በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር፤ ሁለቱም በገመድ የታገዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ድልድይ ሲሠራ አንድ ክፍል በወጣ ቁጥር ገመዱ ሲወጠር፣ ኮንክሪቱ ሲኮማተር፣ ጫፉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ እየተሰላ ነው የሚሄደው፤ ያለበለዚያ ከግራና ከቀኝ የመጡት ጫፎች መሃል ላይ አይገናኙም። የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት ነው፤ የኃይል ቤቱ ከመሬት በታች ነው፣ ውኃውም በዋሻ ነው የሚሄደው። ዋሻ በተቆፈረ ቁጥር ዙሪያው ያለው ዓለት ሸክሙን እንደገና ይከፋፈላል፤ ያንን ማስላት ሌላ ትልቅ መስክ ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7000 ሄክታር የሚያጠጣ የአፈር ግድብ ነው። በአፈር ግድብ ሥራ ጥያቄው ውኃው በግድቡ አካል ውስጥ እንዴት ይሰርጋል የሚል ነው፤ እሱም በዚሁ ዘዴ ይፈታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ግድብ ደግሞ ዋናው አካሉ በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ነው፣ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ። ይህን ያህል ኮንክሪት አንድ ላይ ሲፈስ ሲሚንቶው ሙቀት ያወጣል፤ ውስጡ ትኩስ ሆኖ ውጩ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በየትኛው ቀን ምን ያህል ውፍረት ይፍሰስ የሚለውን የሚመልስ የሙቀት ስሌት አለ። በእኔ እምነት ከግንባታው በኋላ ያለው ሥራ ገና አልተነካም። ግድብ ተሠርቶ አያልቅም፤ በየዓመቱ ይለካል፣ ልኬቱ ከሞዴሉ ጋር ይመሳከራል። ይህን የእኛ ልጆች ሊሠሩት ይገባል።

የዓባይ በረሃ መንገድ ሲንሸራተት ታውቃላችሁ። የአፈርና የዓለት ሥራ ላይ ያሉ መሐንዲሶች እንደ ፕላክሲስ ያሉ ሶፍትዌሮችን የሚጠቀሙት ለእንዲህ ያለው ተዳፋት ነው። ዝናብ ሲገባ አፈሩ ስንት ጉልበት ያጣል፣ ግድግዳ ቢሠራ ይይዘዋል ወይ። ጂኦቴክኒክ የሚወድ ሰው ካለ፣ ሥራው እዚሁ ደጃችን ነው ያለው።

መካኒካል የጨረሰው የቡሬው ልጅ ግን ይህን አይደለም የጠየቀኝ፤ የእሱ መንገድ ፋብሪካና ማሽን ነው። አገር ውስጥ "ፋይናይት ኤለመንት ባለሙያ ይፈለጋል" የሚል ማስታወቂያ ብዙ አይወጣም፤ ይህን ልደብቀው አልፈልግም። ዲዛይን መሐንዲስ ተብሎ ነው የሚወጣው፣ ወይም የጥገና መሐንዲስ። የጭነት መኪና አካል የሚሠሩ አሉ፣ የውኃ ታንከር፣ የእርሻ መሣሪያ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጥገና። እዚያ ገብተህ የሚሰበረውን ዕቃ ለምን እንደሚሰበር ካሳየህ ቦታህን ራስህ ትፈጥራለህ።

ውጭ አገር ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሲሙሌሽን ኢንጂነር፣ ስትረስ አናሊስት፣ ሲኤኢ (በኮምፒውተር የታገዘ ምሕንድስና) ኢንጂነር ይሉታል። መኪና አምራቾች አንድ መኪና ግድግዳ ላይ ከመግጨታቸው በፊት ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ ይገጩታል፤ ኤልኤስ-ዳይና የተባለው ሶፍትዌር ለዚህ የታወቀ ነው። አውሮፕላን ላይ ስትረስ ማስላት የማይሰለችና ጥንቁቅ ሰው ይፈልጋል፣ ሰነዱ ከስሌቱ ይበልጣልና። የነፋስ ተርባይን ክንፍ፣ የዳሌ ተተኪ አካል፣ የልብ ደም ሥር የምትከፍተዋ ስቴንት፣ ወድቆ የማይሰበር ስልክ፣ ሁሉም በዚህ በኩል ያልፋል። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው ናፌምስ የሚባል የሙያ ማኅበር አለ፤ ለባለሙያዎች የብቃት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። የውጭ ደንበኛ ሲያይ የሚያውቀው ነገር ነው።

አሁን ከቤት ሆኖ ስለመሥራት። ሞዴሉን ሠርቶ ሪፖርት መላክ በርቀት የሚሆን ሥራ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ይጠፋል፣ እዚህ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን በነበረበት ጊዜ እኔ ስሌት አልተቋረጠብኝም። የምጠቀምበት ካልኩሊክስ የተባለ የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር ነጻ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የጀመሩት ኤምቲዩ በተባለው የጀርመን የአውሮፕላን ሞተር ኩባንያ የሚሠሩ መሐንዲሶች ናቸው። የፋይሉ አጻጻፍ አባከስ ከተባለው የታወቀ የንግድ ሶፍትዌር ጋር ይመሳሰላል፤ አንዱን የለመደ ሌላው አይከብደውም። ለሥዕሉ ፍሪካድ ወይም ፕሬፖማክስ ይበቃል፣ እነሱም ነጻ ናቸው። አንሲስ የተባለው ሌላው የንግድ ሶፍትዌርም ለተማሪ በነጻ የሚሰጠው አለ፤ የሜሹ መጠን የተገደበ ነው፣ ለገንዘብ ሥራም አይፈቀድም። የተሰረቀ ሶፍትዌር ላይ ተምራችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም፣ ግን የውጭ ደንበኛ "በየትኛው ፈቃድ ሠራኸው?" ብሎ ይጠይቃል። ከመጀመሪያው በነጻው መልመድ ይሻላል።

የቡሬው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እንዲህ አድርግ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ብረት አንዱን ጫፍ ግድግዳ ላይ አስረህ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ጭነት አንጠልጥል። መጀመሪያ በእጅ አስላው። ቀጥሎ ሞዴል አድርገህ አመሳክር። ከዚያ ብረቱን በእውን ገዝተህ፣ ብየዳ ቤት አስይዘህ፣ ድንጋይ አንጠልጥለህ በሜትር ለካው። ሦስቱ ሳይስማሙ ወደ ሌላ አትሂድ። ቀጥሎ መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለበት፣ ከሁለቱም ጫፍ የሚሳብ ሰፊ ላሜራ ሥራ፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ጠርዙ ላይ ስትረሱ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፣ ይህ እ.ኤ.አ. በ1898 የታወቀ ነገር ነው። ሜሽህ 2.2 ካለህ ገና ነህ። ከዚያ ሰፈርህ ውስጥ የተሰበረ ነገር ፈልግ። ቡሬ ላይ አይጠፋም፤ ወፍጮ አለ፣ መፈልፈያ አለ፣ ጋራዥ አለ። የስብራቱን ፎቶ አንሣ፣ የእጅ ስሌትህን ከሥሩ አስቀምጥ፣ ሜሹን ሦስት ጊዜ አድቅቀህ ቁጥሩ የት እንደቆመ አሳይ፣ አምስት ገጽ ሪፖርት አድርገህ ጻፈው። ሥራ ስትጠይቅ ከዲግሪው ኮፒ ጋር እሱን ይዘህ ሂድ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ዲግሪውን ሳልገልጥ እሱን ነው የማነበው።

የመጀመሪያውን ስትጨርስ ላክልኝ። ባለቀለሙን ሥዕል ብቻ እንዳትልክ፤ የወረቀቱን ስሌት አብረህ ፎቶ አንሥተህ ላከው፣ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።